የሐዳሳ ትራክ

ሐምሌ 2

ጻፍ ያሉኝ ጋሽ ጠና ናቸው። «ደምህ ሲፈላ እጅህን እስክሪብቶ አስይዘው» አሉኝ፣ ሽምግልናው አልቆ በር ላይ ስንሰነባበት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጸሎት ነው ያዘዙልኝ። እሳቸው ጨርቅ ነጋዴ ስለሆኑ መሰለኝ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ይወዳሉ።

ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት አግዳኛለች። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቅ «ፍሬህ እስኪታይ» አሉኝ። ፍሬ! አቮካዶ ነኝ እንዴ?

ቃልም አስገብተውኛል። ሚስቴ ሐዳሳ ላይ ዳግመኛ እጄን ካነሳሁ ወንድሟ ብዙነህ ሺንሺቾ አባቷ ቤት ይወስዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የለም፣ ዕርቅ የለም። ይህ ሲነበብ ሐዳሳ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እኔ አሞጽ፣ ሆሳዕና ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ማነው ሲባል የምጠራው ሰው፣ ዶሮ እንደሰረቀ ሌባ ቆሜ «እሺ» አልኩ። «ሴትና አህያ በዱላ» እያሉ ያሳደጉን ሰዎች ናቸው ዛሬ ተነስተው የሚዳኙኝ።

ይሁን። ሚስቴን እወዳታለሁ። እሷ ከሄደች እኔ ባዶ ቤት ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 5

ጉድ እኮ ነው! ከአገልግሎት የታገደ ሰው ቤት መዘምራን ተሰልፈው መጡ። የት ይሄዳሉ? ብዙነህ የኳየሩ መሪ ነው፣ የፊዚክስ አስተማሪም ነው። አልበሙ ለመስቀል ይድረስልን አለ፤ አገሬው ሁሉ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ሲገባ እንዲሰማው።

ይዘውት የመጡት ሕግ ግን ያሳብዳል። ባለፈው አልበም ጊዜ አንዲት እናት «የልጄ ድምፅ አልተሰማም» ብላ ኳየሩን ልትበትነው ነበር አሉ። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ሰው ብቻውን፣ በየራሱ ትራክ ይቀዳል። ሁሉም ቁጭ ብለው ሰምተው «አለሁበት» እስኪሉ ድረስ ማንም ከማንም አይቀላቀልም። ሃያ ምናምን ዘማሪ፣ ሃያ ምናምን ትራክ። በዚያ ላይ ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ከበሮ።

«ኮምፒውተሩ አይችለውም» አልኩ።

«ለምን?» አለ ብዙነህ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠይቀው።

ራም ማለት የሥራ ጠረጴዛ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቁምሳጥን አልኩት። ጠረጴዛው ሲሞላ የተረፈውን መልሶ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ቁምሳጥኑ ግን በዚያው ደቂቃ የሃያ ሰው ድምፅ እያወጣ ነው። ማውጣትና ማስገባት ይጋጭበትና ቀጥ ይላል።

«ታዲያ ጠረጴዛውን አስፋው» አለኝ። ለአስተማሪ ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ሐምሌ 9

ቆመ። አምስተኛዋ ዘማሪ ላይ። እንደገና ከፈትኩት። ቆመ። ማውሱን ግድግዳው ላይ ፈረከስኩት። ሐዳሳ ስብርባሪውን ለቀመች። እሷን አልነካኋትም። ጋሽ ጠና፣ ይኸው ፍሬ።

ሐምሌ 14

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውሎ መቅዳት አልተቻለም። ሲያባራ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ደግሞ ያ የተረገመ ቀይ መስመር። ዲስኩ ሲጨናነቅ ሶፍትዌሩ ላይ ቀይ መስመር ይበራል፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ጆሮ ግንዴ ላይ የሆነ ነገር ይመታል።

ሐዳሳ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። አምስት ዓመት አብራኝ ስለሠራች ነገሩን ታውቀዋለች። እሷ አስተካክላው የተወደደ ሥራም አለ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ባልና ሚስት አይደለን?

«ያለቁትን ጠቅልላቸው» አለች ቀስ ብላ። «ኦሪጅናላቸውን ለየብቻ አስቀምጠህ ለጊዜው ወደ አንድ ትራክ ጠቅልለህ አጫውት። ዲስኩ ሃያውን ከሚያነብ አንዱን ያንብብ። የሚፈልጉት ሲመጡ ሃያውንም ታሰማቸዋለህ።»

ትክክል ነበረች። ያ ነው ያናደደኝ። «ማነው ባለሙያው?» አልኳት። ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔም አልጠቀለልኩም። እንዲህ ከኋላ ቆሞ የሚያስተምር ሰው አልወድም።

የሷ ቀን ቅዳሜ ነው። ሶሎውን የምትዘምረው እሷ ናት፣ መዝሙሩም የራሷ ነው። «ስጣራ ሰማኝ፣ ሳለቅስ ሰማኝ፣ ሰው ሳይሰማኝ እሱ ሰማኝ» ይላል። ወጥ ቤት ስትለማመደው ሰምቼ እጄን ከሥራ ላይ አንስቻለሁ። ቤቱን ይሞላዋል። አንዳንዴ ግን እዚህ ውስጥ «ሰው» የምትለው ማንን ነው እላለሁ።

ሐምሌ 19

ዛሬ የሐዳሳ ቀን ነበር።

እንዲያ ስትዘምር ሰምቼ አላውቅም። ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ቀይ መስመሩ በራ፣ ሁሉ ነገር ደርቆ ቀረ። ማብሪያውን ተጭኜ አጠፋሁት። ሳበራው ፋይሉ አይከፈትም። ጠፋ። ያ ሁሉ ጠፋ።

ሐዳሳ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለች። ነግሬህ ነበር እኮ።

ከዚያ ስትወጣ ዝናብ ነበር፣ ደረጃው ላይ አንሸራተታት። የፊት ጥርሷ ከግማሹ ተሰበረ። እጄ ያበጠው ጠረጴዛውን መትቼ ነው።

ሐምሌ 21

ዓለሚቱ መጣች። ኳየሩ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምትዘምረው፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የሐዳሳን ከንፈር አይታ አጸዳችላት። ከዚያ ወደኔ ዞር አለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ደረጃው አንሸራተታት።»

«የቱ ደረጃ?»

«የስቱዲዮው ነዋ።»

ወጥታ አየችው። ከመሬት አንዲት ጡብ ነው ከፍ የሚለው። ተመልሳ መጥታ «እጅህንም ላየው» አለች። አላሳየኋትም። ሴት ስትሰለጥን ፖሊስ ትሆናለች።

ሐምሌ 26

ሳምንት ሞላው፣ የቡላ ገንፎና አጥሚት ብቻ። ጥርስ አይፈልግም ማለቷ ነው። ሥጋ ገዝቼ ገባሁ፤ ለኔ ጠበሰችው፣ እሷ አልነካችም። ብቻዬን በላሁት። ሆን ብላ እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ እንደገና ቀዳኋት። ድምጿ ያው ነው። ግን «ሰ» በመጣ ቁጥር በተሰበረው ጥርስ በኩል አየር ይወጣል። ፉጨት። ቀጭን፣ እንደ መርፌ። «ስጣራ» ስትል ያፏጫል። «ሰማኝ» ስትል ያፏጫል። መዝሙሩ ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ሰ» ነው! ሌላ ቃል ጠፍቷት ነው?

«ቃሉን ቀይሪው» አልኳት። «ስጣራ ከማለት፣ በጠራሁት ጊዜ።»

«አልቀይረውም» አለች። ሐዳሳ እኮ ናት። እንዲህ ያለችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ይህ ይጻፍልኝ።

ነሐሴ 1

መፍትሔ አግኝቻለሁ። ፉጨቱን የሚቀንስ ኢፌክት አለ። አንዱ አልበቃ አለ፣ ሁለተኛ ጨመርኩ። ድምጿ ታፈነ፤ የሚያበራው ሦስተኛ ጨመርኩ። አሁን የቆርቆሮ ድምፅ መሰለች፤ ሬቨርብ፣ ማስተጋቢያውን፣ ደረብኩበት። ፉጨቱ ስንኝ በስንኝ ይለያያል፣ ስለዚህ አንድ ልክ ይዤ ልጠቅልለው አልችልም። ከጠቀለልኩት እንዲያው ይደርቃል፣ ማረም አይቻልም። ክፍት ሆኖ በየደቂቃው እየተስተካከለ መኖር አለበት።

የሷ አንድ ትራክ ብቻ ከጠቅላላው ኳየር የበለጠ ራም ይበላል። በፈሩን፣ ድምፁ ተራ የሚጠብቅበትን ቦታ፣ እስከ ጣሪያው ከፍ አደረግሁት፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁ፣ ኢንተርኔቱን ነቀልኩ። ቆመ። መብራት ሲሄድ ይይዛል የተባለውን ዩፒኤስ በካልቾ አልኩት። ድሮም የሞተ ነው።

ነሐሴ 4

ኸይረዲን ሱቅ ሄጄ ራም ገዛሁ። ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው፣ የስቱዲዮዬ ዕቃ ሁሉ ከሱ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ ገጠመልኝ። ሲያበራው ሴሽኑን፣ የተከፈተውን ሥራ፣ አየና ሳቀ።

«ወላሂ አሞጼ፣ አንዲት ሴት ላይ ይህን ሁሉ ኮተት የጫንከው ምን ሆና ነው?»

«ድምጿን ላሳምረው ብዬ ነው።»

«የሐዳሳን ድምፅ?» አለ። «እሷ እኮ ያለ ማይክም ታምራለች።» ከዚያ እሷ ሻይ ይዛ ገባች። «ተባረክ» አለችው። ተባረክ ስትል የሚያፏጭ ነገር የለበትም፤ ግን አፏን በእጇ ሸፍና ነው ያለችው። ኸይረዲን ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ነሐሴ 8

ኪቦርዲስቱን ዮሴፍን መታሁት። በቴስታ። አፍንጫው ደማ።

የራሱ ጥፋት ነው። ማንም ሳይጠይቀው «የሐዳሳ ድምፅ ምነው ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለ? ጥሬውን እስቲ አሰማኝ» አለ። አይሆንም አልኩት። እጁን ወደ ማውሱ ላከ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አንገቱን ይዤው እንደነበር እሱ ነው የሚለው።

ሸሚዙን ያጠበችለት ሐዳሳ ናት። ሲወጣ በሀዲይኛ የሆነ ነገር ሹክ አላት። «አንቺስ?» ነው ያላት፤ ጆሮ የለኝም እንዴ? እኔም እኮ ሀዲያ ነኝ!

እሷን ግን አልነካኋትም። ሽማግሌ ፊት የገባሁት ቃል ስለ ሚስቴ ነው፣ ስለ ኪቦርዲስት አይደለም።

ነሐሴ 12

ራሴን ልከክ እጄን ባነሳ ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ራሴን ልከክ ነው! ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምትሆነው? እንዲህ ስታደርግ እኮ ነው የሚያናድደኝ። ሰው ቢያይ ምን ይላል? የስቱዲዮውን በር በቡጢ አልኩት። ተቀደደ፣ ኮምፔርሳቶ ነው።

ነሐሴ 16

ማታ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። በከምባትኛ ሲሆን ከሀዲይኛ የሚቀራረበውን ብቻ ነው የምለቅመው። ኮምፒውተር አለች። ዲስክ አለች። ደግሞ ኮምፒውተር። እናቷ ስለ ዲስክ ምን አገባት? እንሰት የምትፍቅ ሴት። ስልኩን ቀምቼ «ደህና ነን እማማ» ብዬ ዘጋሁት። ስልኩ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ከእጄ ነው ያመለጠው።

ነሐሴ 20

ጋሽ ጠና ብቅ አሉ፣ ጃንጥላቸው ውሃ እያንጠፈጠፈ።

«እየጻፍክ ነው?»

«ያለ ማቋረጥ።»

«ጎሽ። ስለ ምን?»

«ስለ ራም። ስለ ሃርድ ዲስክ።»

ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። «አሞጽ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ስለ እጅህ ጻፍ ነው ያልኩህ።» የበሩን ቀዳዳም አዩት። ስለ እሱ አልጠየቁኝም፣ ጣታቸውን አግብተው ብቻ ለኩት። ደግሞ ሐዳሳን ለብቻዋ ላናግር አሉ። እዚህ ፊቴ ያናግሯት አልኩ። «የጥርሷ ነገር እንዴት ነው የሆነው?» አሏት። «አሞጽ እንዳለው ነው» አለች። ይኸው! ሁለት ምስክር አንድ ቃል። ከሄዱ በኋላ ደስ ብሎኝ ጉንጯን ልስማት ስቀርብ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተሰበሰበ። ሳምኳት።

ጳጉሜ 3

ቆመ። ቆመ። ቆመ። ዲስኩ ሊሞላ ነው፣ ሲሞላ ደግሞ ይብስበታል። የሚሰረዝ የለም፣ ሁሉም የሰው ድምፅ ነው። ሐዳሳ ላይ ሰባተኛ ኢፌክት ጫንኩ። ፉጨቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ጆሮዬ ግን አሁን ሬድዮ ላይም ይሰማዋል። ወፍ ላይም። ብዙነህ ዓመት በዓሉ እንዳለፈ እንሰማለን ብሏል፣ ኳየሩ በሙሉ።

መስከረም 5

እውነቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሌላው ሰው ሲያወራው ይለያያል።

ሁሉም መጡ። አግዳሚ አልበቃ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ዮሴፍ እንኳ አፍንጫውን ይዞ መጣ። ጋሽ ጠና ወንበር ላይ። አጫወትኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆመ። ይቅርታ ብዬ እንደገና። ቆመ። አንዱ ልጅ ሳቀ። ገመዱን ላየው ጎንበስ አልኩ፤ ገመዱ ምንም አልሆነም፣ ፊቴን ልደብቅ ነው።

ቀና ስል ሐዳሳ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።

«የኔ ነው የከበደው» አለች፣ ለነሱ እንጂ ለኔ አይደለም። «የኔን አውርጄ ላቅልልለት።» ማንም አላስገደዳትም። ኢፌክቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ቀይ መስመሩ ጠፋ። ተጫወተ። ከተገዛ ጀምሮ እንዲያ ተጫውቶ አያውቅም፣ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ውሃ። ያ የፈረደበት ማሽን ሃያ ምናምን ሰው ተሸክሞ ሄደ!

ከዚያ እሷ ገባች። ስጣራ ሰማኝ። ሳለቅስ ሰማኝ። በየቃሉ ፉጨት። ዓለሚቱ ማልቀስ ጀመረች። ብዙነህ እኔን እንጂ ስፒከሩን አያይም ነበር።

ማውሱን ልቀበላት ነው እጄን የዘረጋሁት። እንዲያ ነው። ግን ስቱዲዮ ነው፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እዚያ ክፍል ውስጥ በጣም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሐዳሳ ከነወንበሩ ወደቀች። መዝሙሩ አልቆመም። እኔም አልቆምኩም አሉ። ፀጉሯን ይዤ ነበር አሉ።

የመቱኝ ሴቶቹ ናቸው። ዓለሚቱ በአንገቴ ያዘችኝ፣ ሌሎቹ እግሬን። ጉልበት ደረቴ ላይ፣ ክርን አፌ ላይ፣ ነጠላቸውን ገምደው እጄን ወደ ኋላ አሰሩኝ። ወንዶቹ ቆመው ያያሉ። ከንፈሬ ተከፍቶ ደም ዋጥኩ። ብዙነህ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ «አንተን መምታት እጄን በጣም አማረው» አለኝ። «ግን ነገ ተማሪ ፊት ነው የምቆመው።» ሐዳሳን አንስቶ ወጣ። ስትወጣ አላየችኝም። እኔ ግን መሬት ላይ ሆኜ እግሯን አየሁት፣ አንዱ ጫማ የለም።

መስከረም 8

ሦስት ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ። ጋሽ ጠና ዋስ ሆነው አስወጡኝ። ክስ አለ፣ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው። ቤት ድረስ አብረውኝ ሄዱ። በር ላይ «ሺንሺቾ እንሂድላት» አልኳቸው።

«ቃሉ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ጋሽ ጠና፣ በእግዚአብሔር!»

«ቃሉ ምን ነበር አሞጽ?»

ጥለውኝ ሄዱ። ቤት ውስጥ አንድ ጫማ አለ፣ ግራው። ወርውሬ የስቱዲዮውን መስታወት ሰበርኩት፣ ከዚያ ሄጄ ጫማውን አነሳሁት። ስብርባሪውን የሚለቅም የለም።

መስከረም 10

ብዙነህ ሰው ልኮ ዲስኩን ስጠን አለ። የኳየሩ ድምፅ ነው፣ ልክ ናቸው። ግን እሷም አለችበት። ያ ፉጨት አለበት። ይህን ሰምቶ ሰው ምን ይለኛል? ነገ የየት አገር ኳየር ነው እዚህ የሚቀዳው?

ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። መዶሻ። መጀመሪያ ክዳኑ ጎበጠ። ሁለተኛ ስመታው ውስጡ ያለው ክብ፣ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ተሰበረ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ዱቄት አደረግሁት። ሃያ ምናምን ሰው፣ ዓለሚቱም፣ ያ የሳቀውም ልጅ። ጎረቤት በአጥር ላይ ያያል። «ምን ታያለህ?» ብዬ መዶሻውን ወረወርኩበት። ሳተው፣ ተመስገን።

ለመልእክተኛው ፌስታል ውስጥ ጠርጌ ሰጠሁት። «ይኸው ዲስካችሁ» አልኩት። ቀለለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

መስከረም 15

ኸይረዲን ሱቅ ሌላ ዲስክ ልገዛ ሄድኩ። አልሸጥልህም አለኝ። ቀልድ መሰለኝ።

«ሐዳሳ ሐምሌ ላይ መጥታ ነበር» አለ። «ጥርሷ የተሰበረ ሰሞን። አንድ ዲስክ ገዝታ ጠቅላላውን ገልብጣ ወሰደች። አዲስ በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ይዛው መጥታ ትጨምርበታለች። ለምን ስላት፣ ኮምፒውተሩ መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም አለችኝ። ሞኝ ነኝ፣ ስለ ኮምፒውተሩ መሰለኝ።»

ባንኮኒው ላይ ያለውን ስፒከር ሁሉ በክንዴ ጠረግኩት። ኸይረዲን አልጮኸም፣ አልተማታም። ሚስቱ ሃቢባ ከጓሮ ወጥታ በሩን በሰፊው ከፈተችልኝ፣ ለከብት እንደሚከፈት። ወጣሁ።

አልበሙን ዱራሜ ያለ ባለ ስቱዲዮ ነው የጨረሰላቸው አሉ። ሐዳሳ የኔን ምንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተወው ብላዋለች። ከምባታ ሁሉ እየሰማው ነው። ለመስቀል የገባው እንግዳ ሁሉ በስልኩ ይዞታል።

ጥቅምት 6

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። እጄ ደህና ነው። የሚመታ ነገር የለም።

ዛሬ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ መዝሙሩን ከፈተው። አጥፋው ልል ነበር፣ ተውኩት። ከጎኔ አንዲት ሴትዮ ጎመን የሞላ ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች። የሐዳሳ ድምፅ ሲገባ አብራ መዘመር ጀመረች። «ስጣራ ሰማኝ» ላይ ስትደርስ ምላሷን ወደ ጥርሷ አስጠግታ አፏጨች። «ሳለቅስ» ላይ ደግማ አፏጨች። አፏን አየሁት። ጥርሷ ሙሉ ነው።

«እህቴ» አልኳት፣ «መዝሙሩ ፉጨት የለውም።»

«እንዴት የለውም? ስማው እንጂ!»

«የቀረጻ ስህተት ነው።»

«ኧረ ወንድሜ፣ አልሰማህም እንዴ?» አለች። «ባሏ ነው ጥርሷን የሰበረው። እኛ ቤተ ክርስቲያን በእንግድነት መጥታ መጀመሪያ ያፏጨችው አንዲት ነርስ ናት፣ ከዚያ አጠገቧ ያሉት፣ ከዚያ ሴቱ ሁሉ። ሆመቾም ዶዮገናም ያሉ ሴቶች እንደዚያው ናቸው አሉ። ብቻዋን ለምን ታፏጭ? አሁን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንዘምረው።»

አፈርኩ። እንዲህ ዓይነት እፍረት ጣቢያ ውስጥም አልተሰማኝም። እጆቼን ጭኔ መሃል ከተትኳቸው።

«ባልየውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«ከየት አውቀዋለሁ! ባለ ስቱዲዮ ነው ይላሉ። አንተስ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ባታውቀው ይሻልሃል» ብላ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው ዩኒፎርም የለበሰች ልጅም ተቀበለቻት፣ ሰው ሳይሰማኝ፣ በፉጨት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ድምፁን ጨመረው።

«ወራጅ አለ» አልኩ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።